ማሳው የት ነው?

«ማሳው የት ነው?»

ሰውየው ይህን የጠየቀኝ በስልክ ነው። ስልኩም የእኔ አልነበረም፤ የልጄ የቲቲ ነው። ያን ቀን ጠዋት ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ረስታው ወደ ሥራ ሄዳለች። ሲጮህ አነሳሁትና መጀመሪያ ስሙን አነበብኩ። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተከትዬ «ቦጂያ ሱሉልታ» የሚል አገኘሁ።

«ሄሎ፣ ቲቲ! ማሳው የት ነው?» አለ። ከኋላው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

«ቲቲ የለችም። እናቷ ነኝ። የምን ማሳ?»

«ራቢአ አዲስ ማሳ ሰጥተናል ብላኝ ነበር እኮ! ይኸው ሱሉልታ ቆሜ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። በይ አዴ፣ ስትመጣ ትደውልልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። 

ማሳ የሚለውን ቃል አሳምሬ አውቀዋለሁ። ማንም ሳያግዘኝ ካነበብኳቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዱ ነው። መምህራችን ሕዝቅያስ ሁለቱን ፊደላት ሰሌዳው ላይ ጽፎ «የሺወርቅ፣ ምን ይላል?» ሲለኝ «ማሳ!» ብዬ ስጮህ ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦልኛል። ከቃሉ አጠገብ ጥማድ በሬና የታረሰ መሬት ተስሎ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ራቢአ ሱሉልታ ላይ ለልጄ መሬት ሰጥታታለች። በዚህ ዘመን መሬት የሚሰጥ ሰው ደግሞ በምላሹ የሚወስደው ነገር አለው። የምትወስደው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ራቢአ ሰበታ ላይ አሮጌ የመኪና የፊት መብራት የምትሸጥና የምትጠግን ሴት ናት። ቲቲ ከቴክኒክና ሙያ በመኪና ኤሌክትሪክ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት የተቀበለቻት እሷ ናት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ስለትም አስገባሁ። ቅናቱ የመጣው በኋላ ነው፤ እንደ ጥርስ ሕመም ቀስ እያለ ነው የመጣው።

አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና ቲቲ ቡራዩ ቤታችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ማታ ማታ ከጎኔ ተቀምጣ ታስነብበኝ ነበር። ሰበታ መዋል ከጀመረች በኋላ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር የምትወጣው ራቢአ ሆነች። «ራቢአ እንዲህ አለች።» «ራቢአ ይህን ብታዪ ትስቂ ነበር።» ራቢአ ሰማያዊ ቱታ አሰፋችላት፤ ምንም ሳይሳሳት ልኳ ሆነ። እራት ሳቀርብላት «በልቻለሁ» ትለኛለች። ምን እንደበላች ስጠይቃት ደግሞ የባሰ ነገር እሰማለሁ። የፍልሰታ ጾም የገባ ዕለት ራቢአ፣ እስላሟ ሴትዮ፣ ከእኔ ቀድማ አስታውሳ ምስር ሠርታ ጠበቀቻት። ጾሙን ማስታወስ እንኳ ተቀደምኩ!

አንድ ቀን ደግሞ ቲቲ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «እሺ፣ እማ» አለች። እኔን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ «እማዬ» እያለች ነው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነም።

እንግዲህ የቦጂያን ስልክ የሰማሁት ይህ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። ነጠላዬን አደረግሁ፣ ስልኩን ያዝኩ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ ሰበታ ገባሁ።

ሱቁን ጠይቄ አላጣሁትም። ጣሪያው ድረስ የመኪና መብራት ተደርድሯል፤ አንዳንዱ መስታወቱ ደፍርሷል፣ አንዳንዱ መያዣ ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ደጁ ላይ ኮፈኑ የተከፈተ ሚኒባስ ቆሟል። ቲቲ መኪናው ላይ አጎንብሳለች። ከጎኗ ሻርፗን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት አለች። ሴትየዋ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች። ቲቲም ሳትጠየቅ ካቻቢቴውን መዳፏ ላይ አኖረችላት። ሁለቱም አንድ ቃል አልተናገሩም። ከመሬቱ ይልቅ ያቺ ዝምታ አቃጠለችኝ።

«ራቢአ ማለት አንቺ ነሽ?» አልኩ።

ዞር አለች። ወዲያው ፊቷ በራ። «የቲቲ እናት! ቁርጥ እሷን! ይግቡ፣ ይግቡ። ቲቲ፣ ወንበር!»

«እርስዎ» ማለቷም አናደደኝ። አሮጊት አስመሰለችኝ።

«ወንበር አልፈልግም። ማሳውን አሳዪኝ።»

«የቱን ማሳ?»

«የሱሉልታውን ነዋ! ቦጂያ የሚባለው ሰውዬ ነግሮኛል።»

«ወይ ቦጂያ! ዛሬም ጠፋኝ አለ? ከባትሪው ሥር ነው ብዬ በጣቴ አሳይቼዋለሁ እኮ!»

መሬት እንዴት ከባትሪ ሥር እንደሚሆን አልገባኝም። ግን ከጀመርኩ ወዲያ መመለስ አልቻልኩም። «ስሚኝ፣ እኔ ድሃ ብሆንም ልጄን በመሬት አልለውጥም። ማሳሽን ለራስሽ እረሺው!»

ሚኒባሱ ውስጥ መሪው ላይ ተደግፎ የነበረው ሾፌር፣ ወንዲ የሚባል ጎረምሳ፣ ራሱን በመስኮት አወጣ። «እናቴ፣ ከመቀበልዎ በፊት ካርታ እንዳለው ያጣሩ!» አለና በሳቅ ፈነዳ።

«ዝም በል አንተ!» አለችው ራቢአ፤ እሷም ግን አፏን በሻርፗ ሸፍናለች። ቲቲ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «እማዬ፣ ማሳ እኮ… ወይኔ አምላኬ» ብላ መጨረስ አቃታት።

ራቢአ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው አስጠጋችኝ።

«ነይ እዪው» አለች። እርስዎታው እዚያው ቀረ። «ይሄ መኪና ተጋጭቶ ነበር። አካሉ ተቀጥቅጦ ቀለም ተቀባ። መብራቱ ስለተሰበረ አሮጌ ገዝተው ገጠሙለት። ወንዲ፣ አብራ!»

አንደኛው መብራት ነጭ ሆኖ በራ። ሌላኛው ሊጠፋ እንዳለ ፍም ቀላ ብቻ አለ።

«አሁን ፍሬቻ አሳይ!»

ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር ያ የቀላው መብራት አብሮት ይርገበገባል።

«ሰው ይህን ሲያይ አምፖሉ ነው ብሎ አምፖል ይቀይራል። አምፖሉ ምንም አልሆነም። ኤሌክትሪኩ ይገባለታል፤ የሚመለስበት ግን የለውም። የሚመለሰው በመኪናው ብረት ነበር። ቀለም ቀቢው ያን ብረት ቀባውና ዘጋው። ስለዚህ በፍሬቻው ሽቦ በኩል ሾልኮ ሊመለስ ይታገላል። ያ የመመለሻው ሽቦ ነው ማሳ የሚባለው።»

አንድ ገመድ ወሰደች። አንዱን ጫፍ ከባትሪው አገናኘች፣ ሌላውን ከመብራቱ ኋላ ነካ አደረገችው። መብራቱ ቦግ ብሎ ነጭ ሆነ።

«ይኸው ማሳ ሰጠሁት» አለች። «አሁን ቲቲ በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ፍቃ ቡሎኑን መልሳ ታስራለች። መሬት ቢኖረኝማ እዚህ ግሪስ ለብሼ ምን እሠራ ነበር?»

ገባኝ። እንደዚያ ቀላል አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የገዛ ልጄ እንኳ ያን ሁሉ ጊዜ ስትሠራ ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አልነገረችኝም። ለራቢአ ግን የሚነገር ነገር ሁሉ እንደሚነገራት አየሁ። ስለዚህ በማፈር ፈንታ የባሰ ቀናሁ።

ሻይ አስመጥታልኝ ስንቀመጥ የፈራሁት ነገር ከሌላ በኩል መጣ። የራቢአ አከራይ ሱቁን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ስለሆነ መልቀቅ ነበረባት። ቦጂያ ሱሉልታ ዋናው መንገድ ላይ ቤት አግኝቶላታል። «ቲቲም አብራኝ ብትገባ ብዬ አስቤ ነበር» አለች። «ከቡራዩ ሱሉልታ መመላለስ ለእሷ ከባድ ነው። እዚያው ብናድር ይሻላል።»

ቲቲን አየኋት። ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ታውቅ ነበር ማለት ነው። አልነገረችኝም።

መሬቱ ውሸት ነበር፤ መሄዱ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ነገር ሳላስበው ነው የተናገርኩት።

«ሱሉልታ ምን አስኬደሽ? የእኛ ቤት አጥሩ አስፋልት ዳር ነው። ሰርቪሱን አጽድቼ በሩን ወደ መንገድ አስወጣልሻለሁ። ቡራዩ መኪና ሞልቷል። ነይ፣ እዚያ ሥሪ።»

ራቢአ ደግ ሴት መስዬአት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነበር። ልጄን የምትወስዳት ከሆነ ዓይኔ እያየ ትውሰዳት ነው ያልኩት። ግቢዬ ውስጥ ከሆነች ምሳዋን የማቀርብላት እኔ ነኝ። ማታም ልጄ የምታድረው እኔ ዘንድ ነው።

ራቢአ መብራቶቿን ጭና ቡራዩ መጣች። ጠዋት ከሰበታ ትመጣለች፤ ማታ ትመለሳለች። ቲቲ ከአልጋዋ ወርዳ ቱታዋን ለብሳ ሥራዋ ላይ ናት። ከሩቅ ሲያዩት ያሸነፍኩ እመስላለሁ።

ቅናት ከቅርብ እንዴት እንደሚከፋ ግን አላውቅም ነበር። ሰበታ ሳሉ የማላየውን አሁን ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። እኔ ለቲቲ ሽሮ ይዤ ስወጣ ራቢአ ከቤቷ ያመጣችውን ሳህን ከፍታለች። ልጄ ያኮረፈች እንደሆነ ቀድማ የምታውቀው ራቢአ ናት። «ዛሬ ራሷን አሟታል፣ አታስቸግሪያት» ትለኛለች፤ እኔን! የወለድኳትን! አንዳንዴ ሁለቱ ኮፈን ሥር ገብተው ይስቃሉ። ምን እንዳሳቃቸው ስጠይቅ ቲቲ «ስለ ሥራ ነው እማዬ» ትላለች።

ስለዚህ ሥራውን ልማር አልኩ። ራቢአ አልከለከለችኝም። አሮጌ መብራት ሲመጣ የሽቦዎቹ ቀለም ከመኪናው ሽቦ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። እሷ እያንዳንዱን ሽቦ በባትሪ ትፈትንና ነጭ ፕላስተር ትጠቀልልበታለች። «ማሳ»፣ «ረጅም»፣ «አጭር» ብላ ትጽፍበታለች። ረጅምና አጭር ያለችው ሩቅና ቅርብ የሚያበሩትን ነው። እጇ ሲቆሽሽ አንዳንዴ እሷ እየተናገረች እኔ እጽፋለሁ። ጽሕፈቴን ሕዝቅያስ እንኳ ያመሰገነው ነው። ቲቲ የእኔን ጽሕፈት እያየች ሽቦ ስታገናኝ ሳይ ልቤ ይሞላ ነበር። ቢያንስ አሁን በመካከላቸው የእኔም እጅ አለ።

አንድ ቀን ኦቦ ቦጂያ ከሱሉልታ መጣ። በስልክ የጮኸብኝ ሰውዬ ሽበታም፣ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ሆኖ ተገኘ። መኪናው ሌላ ጥንድ መብራት ያስፈልጋት ነበር። ራቢአ ከመደርደሪያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ለጸሎት ወጣች። እኔ መብራቶቹን አየሁ። ሦስት ሽቦ አላቸው። አንዱ ጥቁር ነው። ራቢአ ሁልጊዜ «ጥቁሩ ማሳ ነው» ስትል እሰማለሁ። ስትመለስ ሥራ ላቀልላት ብዬ ፕላስተር ቆረጥኩ። ጥቁሮቹ ላይ «ማሳ» ብዬ ጻፍኩ። የቀሩት ሁለት ሽቦዎች ላይ ደግሞ «ረጅም» እና «አጭር» ብዬ አካፈልኳቸው። ጽሕፈቱ ሲያምር!

ቲቲ መጥታ ፕላስተሩን እያነበበች ገጠመች። አበራች። ሁለቱም መብራቶች ቀሉ። ረጅሙን ስትሞክር ጭራሽ ደከሙ።

«ማሳ ነው» አለች። ቀለሙን ፈቀፈቀች። ቡሎኑን ፈታ አሠረች። አልሆነም። ከባትሪው ቀጥታ ገመድ ሳበች። አልሆነም። ፊውዝ አየች። ሌላ አምፖል ሞከረች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ወጣ፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ራቢአም ተመልሳ አብራት አጎነበሰች።

«አዴ የሺ» አለኝ ቦጂያ፣ «ማሳው ዛሬም ጠፋ። ሱሉልታ ሄደን እንፈልግ እንዴ?»

ሳቅሁለት። ነገሩ ከእኔ እንደመጣ አላወቅሁም።

በመጨረሻ ቲቲ ፕላስተሮቹን ሁሉ ላጠችና ሽቦዎቹን ከጠረጴዛ ባትሪ ጋር አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። የእነዚህ መብራቶች ማሳ ጥቁሩ ሳይሆን ነጭ መስመር ያለበት ሽቦ ነበር። ጥቁሩ የሩቁ መብራት ነበር። ቀና አለች።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጥቁር ስለሆነ…»

«ፈትነሽው ነው?»

«አይ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው ስለምትሉ ነው እንጂ…»

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ፕላስተር የተለጠፈበት ሽቦ ተፈትኗል ማለት ነው! እሱን አምነን ነው የምንሠራው! መጻፍ ቻልኩ ብለሽ ያገኘሽው ነገር ላይ ሁሉ አትጻፊ!»

 ጣቶቼ ላይ የፕላስተሩ ሙጫ ነበር፤ ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት።

«ቲቲ!» አለች ራቢአ። «እናትሽን እንዲህ ነው የምታናግሪያት? አሁኑኑ ይቅርታ በያት!»

ቲቲ ወዲያው አንገቷን ደፋች። «እሺ እማ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይቅርታ እማዬ» አለችኝ።

ስድቡን እችለው ነበር። ያቺን «እሺ እማ» ግን አልቻልኳትም። ልጄ እኔን ይቅርታ የጠየቀችው ራቢአን ታዝዛ ነው።

«አንቺን ምን አገባሽ?» አልኳት ራቢአን። «ልጄን የምቆጣው እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ተቆጪያታ! ዝም ስትይ እኮ ነው!»

«ስፈልግ እቆጣታለሁ፣ ስፈልግ ዝም እላለሁ! አንቺን ሞግዚት ያደረገሽ የለም!»

«ሞግዚት? ሥራ ስታጣ ማን አስጠጋት? ሲያማት እኮ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ!»

«ከእኔ ስለምትነጥቂያት ነዋ! አንቺ ሳትመጪ ለእኔ ነበር የምትነግረኝ!»

«እኔን ደግሞ ማን ይቆጣኝ?» አለ ቦጂያ። «ተሳፋሪዬን ሌላ ወሰደብኝ እኮ!»

ማንም አልሳቀለትም። እኔና ራቢአ አፍ ለአፍ ተጋጥመን ስንጯጯህ ቲቲ ሽቦዎቹን በየቦታቸው ገጠመች። አበራች። ሁለቱም መብራቶች ነጭ ሆነው ፊታችን ላይ ወደቁና ዝም አልን። ኮፈኑን ዘጋች። እጇን ጠረገች።

«ኦቦ ቦጂያ፣ ያ ሱሉልታ ያገኙት ቤት አሁንም አለ?»

«አለ እንጂ። ሰው ነው የጠፋው።»

«ይጠብቁኝ። አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ከማን ጋር?» አልን እኔና ራቢአ እኩል።

«ብቻዬን።»

የሽቦ መፈተኛ ቴስተሯን ኪሷ ከተተች። ወደ ቤት ገብታ ልብሷን በቦርሳ ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ምን ብዬ ላስቀራት እንደምችል አላውቅም፤ «ምሳ አልበላሽም» ብቻ አልኳት።

«እማዬ፣ ያንቺን ስበላ እሷ ታኩርፋለች፤ የእሷን ስበላ አንቺ ታኩርፊያለሽ» አለችኝ፤ ድምጿ ተሰብሯል። «ሁለት እናት ለአንድ ሰው ይበዛል። እዚያ ሄጄ የራሴን ልብላ።»

አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ። ራቢአንም ሳመቻት። ማንን የበለጠ አጥብቃ እንዳቀፈች ለማየት ሞከርኩ፤ ራቢአም ይህንኑ ስታይ ነበር።

በማግሥቱ ራቢአ ተከትላት ሱሉልታ እንደምትሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሻርፗን ወደ ኋላ አሥራ ቆማለች። ሳንነጋገር ሰርቪሱን ከፈትኩላት። መብራቶቿን ደጅ አወጣች፤ እኔም አንዱን ጆንያ ይዤ አገዝኳት።

«ደወለችልሽ?» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«ለአንቺስ?» አልኳት።

 እስከ ዛሬም ቲቲ ለየትኛችን አብዝታ እንደምትደውል አንነጋገርም፤ የአንዷ ስልክ ሲጮህ ግን ሌላዋ ሥራዋን ትታ ታዳምጣለች። ሱሉልታ ያለው ሱቋ ሥራ በዝቶለታል ይላል ቦጂያ፤ በሳምንት መጨረሻ መጥታ ሁለታችንም ያቀረብንላትን ቀምሳ ትመለሳለች። ሽቦ የምፈትነው አሁን እኔ ራሴ ነኝ፤ ራቢአ ከጎኔ ቆማ ታየኛለች።

ቲቲ ሱሉልታ ሄደች። ቡራዩ የቀረችው ራቢአ ናት።